አንድ ፕሮሰሰር በሁለት ስም፦ አይሪስ ኤክስኢ እና የራም ቻናል ጉዳይ

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 ያወጣቸው 11ኛ ትውልድ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ያልተለመደ ጠባይ አላቸው። ኮር አይ5-1135ጂ7 የተገጠመላቸው ሁለት ላፕቶፖች ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ አንደኛው ግራፊክሱን «አይሪስ ኤክስኢ»፣ ሌላው ደግሞ «ዩኤችዲ» ብሎ ሊያሳይ ይችላል። ፕሮሰሰሩ ያው ነው፤ በውስጡ ያሉት 80 የግራፊክስ ማስሊያ ክፍሎችም አልተቀነሱም። ልዩነቱ ራሙ ላይ ነው። ራሙ በሁለት ቻናል፣ በድምሩ በ128 ቢት ካልተገናኘ በቀር ግራፊክሱ አይሪስ ኤክስኢ እንዳይባል የደነገገው ራሱ ኢንቴል ነው።

የምመዝነው ይህን ድንጋጌ ነው። በመሠረቱ ትክክል ነው እላለሁ። የሚጎድለው ለገዢው በጊዜው አለመድረሱ ነው።

አንድ ቻናል በአንድ ጊዜ 64 ቢት፣ ማለትም 8 ባይት ያሳልፋል። ዲዲአር4-3200 ይህን በሰከንድ 3,200 ሚሊዮን ጊዜ ስለሚያደርግ በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ይደርሳል። ሁለት ፍሬ ራም በሁለት ቻናል ሲሰካ 51.2 ይሆናል። በዚህ ስሌት ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ እጥፍ የሚፈጥን ይመስለዋል። እጥፍ የሆነው ግን በአንድ ጊዜ የሚያልፈው የመረጃ መጠን ነው፤ አንድ መረጃ ተጠይቆ እስኪመጣ ያለው ቆይታ አያጥርም። ፕሮሰሰሩም አብዛኛውን ጥያቄ የሚመልሰው ከራሱ ካሽ (በውስጡ ካለው ፈጣን ሚሞሪ) ስለሆነ ራሙን ሁልጊዜ አያስቸግርም። ጽሑፍ ለሚጽፍ፣ ሒሳብ ለሚሠራ፣ ኢንተርኔት ለሚያስስ ሰው የአንድና የሁለት ቻናል ልዩነት በቀላሉ የሚታወቅ አይደለም። እንደ ፋይል ማመቅ ባሉ ሥራዎች ላይ ብቻ ነው ጎላ የሚለው። ለእንዲህ ዓይነቱ ተጠቃሚ አንድ ፍሬ ባለ 16 ጊጋ ራም ከሁለት ፍሬ ባለ 4 ጊጋ ይሻለዋል።

ግራፊክሱ ጋ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። ጂቲኤክስ 1650ን የመሰለ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ፣ በጂዲዲአር5 ዓይነቱ፣ በሰከንድ 128 ጊጋባይት የሚያስተላልፍ የብቻው ሚሞሪ አለው። አይሪስ ኤክስኢ ግን የራሱ የለውም፤ ራሙ በአንድ ቻናል ሲሆን ያንኑ 25.6 ጊጋባይት ከፕሮሰሰሩ ጋር ይሻማል። ማስሊያ ክፍሎቹ ሥራ ፈትተው መረጃ ይጠብቃሉ። ሁለተኛው ራም ሲጨመር በብዙ ጨዋታዎች በሰከንድ የሚታዩት ፍሬሞች በሲሶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያድጋሉ፤ እጥፍ መሆናቸው ግን ብርቅ ነው። በላፕቶፕ ላይ በጥቂት ገንዘብ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣ ሌላ ማሻሻያ አላውቅም።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2001 ኤንፎርስ የተባለውን የማዘርቦርድ ቺፕሴት ሲያወጣ ሁለቱ ቻናሎች በዲዲአር266 በሰከንድ 4.2 ጊጋባይት ያቀርቡ ነበር። የኤኤምዲው አትሎን ፕሮሰሰር መስመር የሚቀበለው ግን 2.1 ብቻ ነበር። ትርፉ የሚጠቅመው ማዘርቦርዱ ላይ ለነበረው ግራፊክስ ነበር። በ2003 ደግሞ የፔንቲየም 4 መስመርና ሁለት ቻናል ዲዲአር400 በ6.4 ጊጋባይት ላይ ተገናኙ፤ ያኔ ሁለት ቻናል ለፕሮሰሰሩም በእርግጥ አስፈላጊ ሆነ።

ከሁሉ የሚያነጋግረኝ የኤኤምዲ አሰያየም ነው። አትሎን 64 በሶኬት 754 ባለ አንድ ቻናል፣ በ2004 በመጣው ሶኬት 939 ባለ ሁለት ቻናል ነበር። 2.2 ጊጋኸርዝና 512 ኪሎባይት ካሽ ያለው ፕሮሰሰር በመጀመሪያው ሶኬት 3200+፣ በሁለተኛው 3500+ ተባለ። በሶኬት 939 ላይ ሃይፐርትራንስፖርት የተባለው ማገናኛም መፍጠኑ እውነት ነው፤ የ300 ነጥቡ ጭማሪ ግን በአብዛኛው ለቻናሉ የተሰጠ ነው። የሚሞሪ መቆጣጠሪያው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስለነበረና ቆይታውም አጭር ስለነበር ሁለተኛው ቻናል ለዚያ ፕሮሰሰር የሚጨምረው ያን ያህል አልነበረም። ኤኤምዲ ቻናሉን እንደ ፕሮሰሰር ፍጥነት ሸጠው፤ ኢንቴል ግን ከግራፊክሱ ስም ጋር አሰረው፤ ጥቅሙ በእርግጥ የሚታየውም እዚያ ነው። ኢንቴልን የማመሰግነው በዚህ ነው።

ጉድለቱ ሁለት ነው። ገዢው ትክክለኛውን ስም የሚያየው ላፕቶፑን ገዝቶ ከከፈተው በኋላ ነው። አንድ ፍሬ 8 ጊጋ ተሰክቶባቸው በዝርዝራቸው ላይ «አይሪስ ኤክስኢ» የተጻፈባቸው ሞዴሎች ተሽጠዋል። ሁለተኛው ይብሳል፦ «ዩኤችዲ» የሚለው ስም የደካማው የኮር አይ3-1115ጂ4ም ስም ነው፤ እሱ ያለው 48 ማስሊያ ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ግራፊክሱ በተፈጥሮው ደካማ ይሁን ወይስ አንድ ራም ጎድሎት ይሁን ከስሙ መለየት አይችልም። ስሙ ተቀይሮ ምክንያቱ ካልተነገረ የድንጋጌው ግማሽ ጥቅም ይጠፋል።

ራማቸው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ላፕቶፖች ሁሉ መጥፎ አይደሉም። ብዙዎቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች ኤልፒዲዲአር4ኤክስ-4267ን በ128 ቢት ስለሚጠቀሙ በሰከንድ ወደ 68 ጊጋባይት ያገኛሉ፤ ይህም ለአይሪስ ኤክስኢ በጣም ጥሩ ነው። 4 ጊጋ ተበይዶ 8 ጊጋ የተሰካበት ላፕቶፕም ከድምሩ 12 ጊጋ 8ቱን በሁለት ቻናል፣ ቀሪውን 4 ጊጋ በአንድ ቻናል ያሠራል። መራቅ ያለባችሁ ራሙ በአንድ ቻናል ተበይዶ ትርፍ ስሎት ከሌለው ነው፤ እሱ መፍትሔ የለውም። በዲዲአር5 አንዷ ፍሬ ራሷ ለሁለት ባለ 32 ቢት ክፍል ስለምትከፈል አንዳንድ ፕሮግራሞች ሁለት ቻናል ብለው ይቆጥሯታል። ድምሩ ግን ያው 64 ቢት ነው፤ እንዳትታለሉ።

ላፕቶፕ ከሱቅ ስትገዙም ሆነ ከውጭ በዘመድ ስታስመጡ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ራሙ ስንት ፍሬ እንደሆነና ባዶ ስሎት እንዳለው ጠይቁ። ማሽኑ በእጃችሁ ካለ ታስክ ማናጀር የተያዙትን ስሎቶች ያሳያል፤ ሲፒዩ-ዚ ደግሞ የቻናሉን ዓይነት ይነግራችኋል። ኮር አይ5-1135ጂ7 ይዞ «ዩኤችዲ» የሚል ላፕቶፕና ባዶ ስሎት ካላችሁ፣ አዲስ ማሽን ከማሰባችሁ በፊት ካለው ጋር እኩል የሆነ አንድ ፍሬ ራም ጨምሩበት።