ደረስጌና የተሸናፊው ታሪክ፦ ስለ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የተጻፉ ጥናቶች ሲመረመሩ

የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ሚዛኑ ብዙውን ጊዜ ወደ አሸናፊው ያደላል። አሸናፊው ዜና መዋዕል የሚጽፍለት ሰው አያጣም፤ ተሸናፊው ግን በባለጋራው ታሪክ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ሆኖ ይቀራል። ለዚህም ከስሜኑ ገዥ ከደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም። ውቤ አባታቸው ደጃዝማች ኃይለ ማርያም ገብሬ ከሞቱበት ከ1826 ጀምሮ እስከ ደረስጌ ጦርነት፣ ማለት እስከ የካቲት 1847 ዓ.ም. (1855 በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ድረስ ገዝተዋል፤ ከ1831 የደብረ ዓባይ ጦርነት ወዲህም ትግራይን ወደ ግዛታቸው ጨምረዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።) ይሁን እንጂ በብዙዎቹ መጻሕፍት ይህ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ አገዛዝ የሚታየው ከመጨረሻው ቀን ተነሥቶ ወደ ኋላ ነው።

ለዚህ መነሻ የሆኑት ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ በአማርኛ የተጻፉት ዜና መዋዕሎች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ኤኖ ሊትማን በ1902 ያሳተሙት የደብተራ ዘነብ ጽሑፍ ነው፤ ሁለተኛው ሞንዶን ቪዳይሌ በፓሪስ ያሳተሙት የአለቃ ወልደ ማርያም ነው። ዘነብ ንጉሡን ያወድሳሉ፤ ወልደ ማርያም ግን በኋለኛው ዘመን የደረሰውን መከራ አይሸፍኑም። በዚህ ቢለያዩም ሁለቱ የሚተርኩት የቴዎድሮስን ሥራ ስለ ሆነ፣ ውቤ በሁለቱም ዘንድ የሚታዩት ካሣ ወደ ዙፋን በሚወጡበት መንገድ ላይ እንደ ቆሙ መሰናክል ነው። ጸሓፊዎቹ የያዙትን ጉዳይ ስለ ጻፉ አይወቀሱም። የሚወቀሰው ምንጩ ለማን እንደ ተጻፈ ሳይመረምር ፍርዱን የተቀበለ የኋላ ሰው ነው።

የውጭ አገር ተጓዦች ጽሑፍም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። መጽሐፉን በ1853 ያወጣው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ፣ ፈረንሳውያኑ ለፌቭር፣ ፌሬና ጋሊንየ በውቤ ግዛት ተዘዋውረዋል። የዕፅዋት ተመራማሪው ጀርመናዊው ሺምፐር ደግሞ ከውቤ እጅ የእንትጮን ግዛት እስከ መቀበል ደርሷል። ስለዚህ አንዱ ተጓዥ ገዥውን ቸር፣ ሌላው ስስታም ብሎ ቢያገኝ፣ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት እንግዳው ምን ፈልጎ እንደ መጣና ምን አግኝቶ እንደ ሄደ ነው።

በዘመናዊው ጥናት በኩል ትልቅ እርምጃ የተደረገው በስቬን ሩበንሰን ነው። ሩበንሰን በ1966 ስለ ቴዎድሮስ ባወጡት መጽሐፍ፣ ኋላም በ1976 ስለ ኢትዮጵያ ነጻነት መጠበቅ በጻፉት ሥራ፣ ደብዳቤንና ማኅተምን ከአፈ ታሪክ ለይተው መመዘንን አስተምረዋል። በ1987 የወጣው ከ1800 እስከ 1854 ያሉትን ደብዳቤዎችና ውሎች የሰበሰበው መድበል ደግሞ ውቤን በራሳቸው ቃል ለመስማት መንገድ ከፍቷል። በዚያ የሚገኙት ደብዳቤዎች ውቤ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ መንግሥታት ጋር ይጻጻፉ እንደ ነበር ያስረዳሉ። ነገር ግን ምንጩ ከታተመ ከብዙ ዓመት በኋላም ተጠቃሚው ጥቂት ነው። በ1990 ስለ ቴዎድሮስና ስለ ዮሐንስ የቀረቡ ጥናቶች በአንድ ጥራዝ ታትመዋል፤ የባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክም (1991) ርእሱ የሚጀምረው ከ1855 ነው። ይህ አከፋፈል ለማስተማር ይጠቅማል። ሆኖም ድንበሩ የተተከለው በደረስጌ ሜዳ ላይ ስለ ሆነ፣ ውቤን ከድንበሩ ወዲያ አስቀርቶ የአሮጌው ዘመን ምልክት ያደርጋቸዋል።

መሬቱ ግን ሌላ ምስክርነት ይሰጣል። ከጎንደር ተነሥቶ በወገራ በኩል ዳባትንና ደባርቅን አልፎ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ተከዜና ወደ ትግራይ የሚወርደው መንገድ፣ ነጋዴው ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚመላለስበት ነበር። ጄምስ ብሩስም በ1770 ወደ ጎንደር የገባው ሊማሊሞን ወጥቶ ነው። የስሜንን አምባ ይዞ በትግራይ በኩል እስከ ባሕሩ ዳርቻ እጁን የዘረጋ ገዥ የዚህን መንገድ ሁለት ጫፍ ያዘ ማለት ነው። የውቤ ኃይል ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ጥናት ከጦርነቱ ዝርዝር ይልቅ ከቀረጡና ከመንገዱ ቢነሣ ይሻላል።

ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ ተራራውን ተሻግሮ በጃናሞራ የሚገኘው የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም ራሱን የቻለ ሰነድ ነው። ያሠሩት ውቤ ናቸው፤ በሥራው የጀርመናዊው የኤድዋርድ ዛንደር እጅ አለበት። አቡነ ሰላማን በ1841 ከግብፅ ያስመጡት ውቤ ነበሩ። እንግዲህ ካሣ ድል አድርገው «ቴዎድሮስ» ተብለው ሲነግሡ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ጳጳሱም ተሸናፊው ያዘጋጇቸው ነበሩ። ዶሮቴያ ማክዩዋን በ2013 ያወጡት መጽሐፍ የደብሩን ሕንፃ፣ ሥዕልና ንብረት በአንድነት በመመርመሩ ሊመሰገን ይገባዋል። ይሁን እንጂ የደብር ታሪክ የባለ ደብሩ የሕይወት ታሪክ አይደለም፤ ያንን ማስከተል የሌሎች ተመራማሪዎች ዕዳ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ተቃራኒ አደጋ አለ። አንዱን ጀግና አሳንሶ ሌላውን ማግነን ሚዛኑን ማስተካከል ሳይሆን ማዘንበል ነው። ውቤ በ1842 በደብረ ታቦር ድል አደረጉ ሲባል፣ በዚያው ቀን ድሉን ሲያከብሩ መማረካቸው አብሮ ይነገር። የስሜን ሽማግሌ ስለ ጌታው የሚለውን የሰማ ተመራማሪ፣ ግብር ይከፍል የነበረው የዓድዋና የዓጋመ ገበሬ ልጅ የሚለውንም ሊሰማ ይገባዋል። ውቤን ከስሜን ብቻ የሚያይ ጥናት ከቴዎድሮስ ዙፋን ብቻ ከሚያየው አይሻልም።

ውቤ ከሽንፈታቸው በኋላ 12 ዓመት ቆይተው በ1867 ዐርፈዋል። ልጃቸው እቴጌ ጥሩወርቅ የቴዎድሮስ ሚስትና የልዑል ዓለማየሁ እናት ሆኑ፤ የወንድማቸው የብጡል ልጅ ጣይቱም የምኒልክ እቴጌ ሆኑ። የስሜን ቤት በደረስጌ አልጠፋም ማለት ነው። እነዚያ 12 ዓመታት ግን በመጻሕፍቱ ከአንድ መስመር ብዙም አይበልጡም። የደብሩ መጻሕፍት በእርጥበትና በአይጥ ሳይበሉ፣ የአገሩም ሽማግሌዎች ሳያልፉ ይህ መስመር ወደ መጽሐፍ ካልተለወጠ፣ የስሜን ተማሪ ደረስጌን ሌላው የነገሠበት ስፍራ ብቻ አድርጎ ማወቁ ይቀጥላል።