አሮጌውን ስክሪፕት እንደ አዲስ መጻፍ፦ ምን ተገኘ? ምን ቀረ?

በኮምፒዩተር ክፍላችን ኢንተርኔት ሲጠፋ ተማሪው ማንን ይጠይቅ? የቀረው ኮዱ ውስጥ የተጻፈው ማብራሪያ ነው። በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ይህ ማብራሪያ በአንድ ስላሽና በሁለት ኮከብ ይጀምራል። እሱን ከኮዱ ለቅሞ የሚያወጣው ከርነል-ዶክ የሚባል ስክሪፕት ነው።

ስክሪፕቱ እ.ኤ.አ. በ1998 በፐርል ቋንቋ ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው እየቀጠለ እየጣፈ፣ ጠጋኞቹም ራሳቸው ለማንበብ የሚቸገሩበት ሆነ። በ2025 እንደ አዲስ በፓይተን ተጻፈ። ከ2016 ጀምሮ ሰነዱን የሚያዘጋጀው ስፊንክስም የፓይተን ሥራ ስለሆነ ሁለቱ አሁን በቀላሉ ይግባባሉ።

ሥራው ምስጋና ይገባዋል። ጸሐፊው መጀመሪያ ለማሳመር አልቸኮለም፤ አዲሱ የአሮጌውን ውጤት እንዲሰጥ አደረገ። አሮጌውም ለማነጻጸሪያ ለጊዜው ተቀመጠ። ጉድለቱስ? አዲሱም የሲ ቋንቋን ሰዋስው አያውቅም፤ እንደ ቀድሞው በፊደል አሰላለፍ ነው የሚለየው። ያልለመደው አጻጻፍ ሲመጣ ይደናገራል። ቋንቋ መቀየር ብቻውን ይህንን አይፈታም።

እናንተም የድሮ ስክሪፕት ልትቀይሩ ስትነሡ ቶሎ አታጥፉት። በሁለቱም አሠሩና ውጤቱን በዲፍ አስተያዩ። ፕሮግራም ሲበላሽ ቢያንስ ይጮኻል፤ የተዘለለ ማብራሪያ ግን ድምፅ የለውም። የሚጎዳው ሌላ የሚጠይቀው የሌለው ተማሪ ነው።