የሳኦል ጦር

ድሮ አዲስ ተማሪ ሲመጣ «ስንት ወር ይፈጅብኛል?» ነበር የሚለኝ። አሁን አሁን «መምህር፣ በገና በስንት ኸርዝ ሲቃኝ ነው የሚፈውሰው?» ሆኗል። ስልኩን አውጥቶ የቱቫ አዚያሚ ያሳየኛል፤ አንድ ሰው በአንድ ጉሮሮ ከታች ጎርናናውን ድምፅ ይዞ ከላይ እንደ ፉጨት የጠራ ዜማ ሲያወጣ። ከሥሩ «ለጭንቀት፣ ለእንቅልፍ፣ ለተመስጦ» የሚል ተጽፎበታል።

ቱቫዎችን እወዳቸዋለሁ። ደቡብ ሳይቤሪያ ያሉ ከብት አርቢዎች ናቸው፤ ዜማቸው የወንዙንና የነፋሱን ድምፅ ይከተላል። ምንጣፍ ላይ ለተጋደመ ከተሜ ተብሎ የወጣ አይደለም። በምዕራቡ ዓለም ዘዴውን ለተመስጦ ካዋሉት ቀደምቶች አንዱ ዴቪድ ሃይክስ ነው፤ ሃርሞኒክ ኳየር የተባለውን ቡድኑን ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1975 አቋቋመ። ገበያው ከዚያ በኋላ የደራ ነው።

የቱቫው ሰው በምላሱና በከንፈሩ የሚሠራውን እኛ ዘንድ የምትሠራው እንዚራ ናት። በገና ያለ እንዚራ ክራር ነው፤ ያውም ወፍራም ክራር። የሚቆጣ ይቆጣ። አውታሩና ብርኩማው በሚገናኙበት ቦታ መሐል የምትገባ ቁራጭ ቆዳ ናት፣ ሌላ ምንም አይደለችም። አውታሩ ሲመታ እሷን እየነካ እየለቀቀ ይርገበገባል፤ ከዋናው ድምፅ በላይ ያሉት ድምፆች ጉልበት የሚያገኙት በዚያ መንካትና መልቀቅ ነው። ህንዶች ታንፑራቸው ላይ ይህንኑ በክር ይሠሩታል።

በጥፍሬ ጫፍ ትንሽ ስገፋት አውታሩ ይታፈናል። መለስ ሳደርጋት ይንጫጫል። በሁለቱ መካከል ከፀጉር ያልሰፋች ቦታ አለች፤ እዚያ ላይ ስትቀመጥ ድምፁ ይከፈትና ንዝረቱ በገበቴው አልፎ ጭንህ ድረስ ይሰማሃል። ከትዝታ ወደ አንቺ ሆዬ ከቀየርክ ሥራው እንደገና ነው። ክረምት ሲገባማ የበግ አንጀቱ እርጥበት ይስብና ማታ ያስተካከልከው ጠዋት ላይ የለም። ኸርዝ ለሚጠይቀኝ ተማሪ አሥሩንም አወልቅበትና «መልሰህ አስቀምጥ» እለዋለሁ። አንዳንዱ መቃኛ መተግበሪያ ይከፍታል። መተግበሪያው አውታሩ ከፍ ማለቱን ወይም ዝቅ ማለቱን ይነግረዋል፤ ስለ ቆዳዋ ግን ምንም አይለውም።

አንድ ባልደረባዬ በናይለን ይሠራል፤ እንዚራውን ትቶ ስቱዲዮ ውስጥ በኮምፒውተር ማስተጋቢያ ይጨምርበታል። «ጥርት ይላል» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ጥርት ይላል። መጥራቱ ምን ያደርግልኛል? የበገና ደርዳሪውን የመጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋን የኢትዮፒክስ አልበም፣ 11ኛውን ቅጽ፣ የሰማ ያውቀዋል፦ ድምፃቸው ከአውታሩ በላይ አይወጣም፣ ንዝረቱ ውስጥ ገብቶ ነው የሚናገረው። ንዝረቱን ካወጣህ ቃሉ የሚያርፍበት የለውም።

ለፈውሱ ማስረጃ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ዳዊት ነው። መልካም፤ 1ኛ ሳሙኤል 16 ላይ ዳዊት ሲደረድር ሳኦል ያርፍ ነበር፣ ክፉው መንፈስም ይርቅለት ነበር። ሁለት ምዕራፍ እንለፍ። ያው ዳዊት ለዚያው ሰው እየደረደረ ሳለ ሳኦል ጦር ወረወረበት። ምዕራፍ 19 ላይ ደገመው፤ ጦሩ ግድግዳው ላይ ተተከለ። ኸርዙ ተለውጦ ይሆን? የፈውስ ሙዚቃ የሚሸጡት ሰዎች ምዕራፍ 16 ላይ መጽሐፉን ያጥፋሉ። እኔ ግን ከሦስቱ ምዕራፎች የበገናን ጠባይ በደንብ የሚያሳዩት የኋለኞቹ ይመስሉኛል። በገና የሰውን ውስጥ ይነካል፤ ከዚያ የሚወጣውን የሚመርጠው በገናው አይደለም።

የበገና መዝሙሮቹንስ ማን ለማረጋጋት ጻፋቸው? ስለ ሞት፣ ስለ ዓለም ከንቱነት፣ ስለ ንስሐ ናቸው። በገና የማኅሌት መሣሪያ አይደለም፤ የቤት ነው፣ የሁዳዴ ነው። እናቴ ሁዳዴ ሲገባ የበገና ካሴቷን ትከፍትና ጥጧን ትፈትል ነበር። ትንሽ ቆይታ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስተኝታ ታለቅስ ነበር። ቀን ቀን ስሙን የማትጠራውን ታላቅ ወንድሜን ያን ጊዜ ስሙን እየጠራች ታነሳው ነበር። ካሴቱ ሲያልቅ «ገልብጪው» ትባል የነበረችው እህቴ አንድ ቀን «እማዬ፣ የሚያስለቅስሽን ለምን ትሰሚያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። «ሌላ የት ላልቅስ?» አለቻት፣ እንዝርቷን አንስታ።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ማታ ማታ ለራሴ እደረድራለሁ። እንቅልፍ አያመጣልኝም፣ ጭራሽ ያባርርብኛል፤ ስለ እንቅልፍ የሚጠይቁኝን የማላባብላቸው ለዚህ ነው። ቤቱ እንዳይረበሽ ቃሉን በሹክሹክታ ነው የምለው። ባለቤቴ ግን ከመኝታ ቤት ትጣራለች፦ «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ተኛ፣ ወይ ድምፅህን ከፍ አድርገውና እኔም ላልቅስ!»