የመንገደኛ እግር

ከሰሜን ተራሮች ጨነቅ ተነስቶ ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ለሚወርድ እግረኛ ከሚበጁት ልማዶች ሁሉ የማታውን እግር መታጠብ አስበልጣለሁ። ቁልቁለቱ ጣትን ከጫማው ጫፍ ጋር ያጋጫል፤ ዳገቱ ተረከዝ ይፍቃል። አባቶቻችን የመንገድ እንግዳን ለብ ባለ ውሃ፣ ዝቅ ብለው እግሩን ያጥቡት ነበር። ያ ክብር ብቻ አልነበረም፤ ሕክምናም ነበር። ከጣቶች መሀል ላብና አቧራው ሲለቅ የቀላችው ቦታ ትታያለች፤ በደንብ ከደረቀች በኋላ ውሃ ሳትቋጥር በፕላስተር ትሸፈናለች። ከዚያ ተረከዙን ቫዝሊን መቀባት፣ ለጠዋት ደረቅ ካልሲ ማዘጋጀት።

ቆላው ሲቀርብ ዱላ ይጨመራል። አብዛኛው እባብ የእርምጃ ንዝረት ሲሰማው ይሸሻል፤ እፉኝት ግን በቀለሟ ተማምና ካለችበት ንቅንቅ አትልም። ስለዚህ ሣሩን ከመርገጥ በፊት በዱላ መንካት፣ ግንድ ሲሻገሩ ማዶውን አይቶ መርገጥ፣ ጠዋት ጫማን ገልብጦ ማራገፍ ግድ ነው። ምናልባት ከነደፈች መብጣትም ሆነ አጥብቆ ማሰር ጉዳቱን ያብሳል፤ የተነደፈውን ሰው ሳያስሮጡ፣ እግሩንም ሳያንቀሳቅሱ በቃሬዛ ወይም በበቅሎ ቶሎ ወደ ሕክምና ማድረስ ነው።