ሳይጠብቅ፣ ሳይላላ

የፎገራ ሜዳ ለእግር ሁለት ፈተና አለው። በክረምት ርብና ጉማራ ከአልጋቸው ወጥተው ሲያጥለቀልቁት ጥቁሩ አፈር ሰኮና ይዞ የማይለቅ ጭቃ ይሆናል። በበጋ ያው አፈር ይደርቅና የጥጃ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። የፎገራ ከብት ጣናን ተጎራብቶ የኖረ፣ ረግረግ ውስጥ ቆሞ መጋጥ የለመደ ዘር ነው። ጥጃ ግን የትም ጥጃ ነው፤ ይቦርቃል፣ ሳያይ ይረግጣል። ገና ሲወለድ በገመድ ተጎትቶ የፊት እግሩ የሚሰበርም አለ።

ያን ጊዜ ወጌሻ ይጠራል። ስለ ወጌሻ ሲወራ የሚነሳው ማሸቱና አጥንት መግጠሙ ነው። የእኔ ዓይን ግን የሚያርፈው ገጥሞ ሲጨርስ አስሮት በሚሄደው ነገር ላይ ነው። እጁ የሚሠራው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሳምንታት ሙሉ አጥንቱን የሚጠብቀው ማሰሪያው ነው። በደንብ የተሠራ ማሰሪያ ከጥሩ ሞሰብ የማያንስ የእጅ ጥበብ ነው፤ ግድግዳ ላይ ስለማይሰቀልና ሥራው ሲያልቅ ተፈትቶ ስለሚጣል ብቻ ሳይወደስ ቀርቷል።

ወረታ አጠገብ ያየሁት፣ የፊት እግሩ ከጉልበት በታች ለተሰበረ ጥጃ የተሠራ ነበር። የሠሩት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከአዊ የመጣ የደጋ ቀርከሃ ይዘው ነበር። አገራችን ሁለት ዓይነት ቀርከሃ ታበቅላለች፤ የቆላው ድፍን ነው፣ የደጋው ውስጡ ክፍት። ለዚህ ሥራ የደጋው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ሲሰነጠቅ እያንዳንዱ ስንጣሪ ሆዱ ጎድጎድ፣ ጀርባው ጎበጥ ብሎ ስለሚወጣ ከእግሩ ክብነት ጋር ራሱ ይስማማል። ጠፍጣፋ እንጨት በመሐሉ ብቻ ይነካል፤ ያም ቦታ ይቆስላል። የቀርከሃው ጭረት ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ቀጭን ሆኖም አይሰበርም። ብርቱው ክፍል የሚያብለጨልጨው የውጭ ቆዳው ነው። ሽማግሌው ያንን አልነኩትም፤ የላጉት የውስጡን ለስላሳ ክፍል ነው። አንጓው የሚያርፍበትን ቦታ ለብቻው ዝቅ አድርገው ፋቁት። ጠርዞቹን በካራ አለስልሰው፣ እሾህ ቀርቶ እንደሆነ ስንጣሪውን በከንፈራቸው ላይ አሳልፈው ፈተኑት። የእጃቸው መዳፍ በሥራ ስለደነደነ ለዚህ አይታመንም፤ ከንፈር ግን የጥጃ ቆዳ የሚሰማውን ሁሉ ይሰማል።

ስንጣሪዎቹ እኩል ርዝመት የላቸውም፤ የጥበቡም አንዱ ምሥጢር ይኸው ነው። ከስብራቱ በላይ ያለው መገጣጠሚያም ከበታቹ ያለውም ካልተያዘ አጥንቱ መንቀሳቀሱን አይተውም። ስለዚህ ረጅሞቹ ጉልበቱን ተሻግረው ይወጣሉ፣ ወደ ታችም እስከ ሰኮናው ይደርሳሉ። አጫጭሮቹ ስብራቱን ብቻ ከጎንና ከጎን ያቅፋሉ። ጥጃው እግሩን ሲያጥፍ ክርኑን የሚወጋ ጫፍ አልነበረም፤ ጫፎቹ ሁሉ በጨርቅ ተጠቅልለዋል። የሰኮናው ጫፍ ክፍት ቀርቷል፤ ጣት ገብቶ በሁለቱ ሰኮናዎች መሐል ያለውን ቆዳ መዳሰስ ይችላል። ለምን እንደሆነ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከሁሉም በላይ ያስደነቀኝ ግን ከቀርከሃው ሥር ያለው ነው። መጀመሪያ ባዘቶ ይነጠፋል። ባዘቶው ወፍራም ከሆነ በሁለት ቀን ይረገጥና ማሰሪያው በሙሉ ይላላል፤ ስስ ከሆነ ስንጣሪው ቆዳ ይልጣል። ሽማግሌው ባዘቶውን እያሳሱ በእኩል ውፍረት ደረደሩት። አጥንት ጎልቶ በሚታይበት፣ ማለትም በጉልበቱ ጎንና በቁርጭምጭሚቱ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ተጨማሪ ጥጥ ይጭን ነበር። እሳቸው ያደረጉት ተቃራኒውን ነው፤ ጥጡን በጉብታው ዙሪያ ከበቡት፣ ጉብታውን ራሱን ባዶ ተዉት። ክብደቱ በዙሪያው ላይ አርፎ ጉብታው ነፃ ይወጣል። በእንስሳት ሕክምና ትምህርትም የሚሰጠው ምክር ይኸው ነው።

በባዘቶው ላይ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ጨርቅ ከታች ወደ ላይ ተጠመጠመ፤ ከላይ ወደ ታች ቢሆን ኖሮ እብጠቱ ሰኮናው ላይ ይጠራቀም ነበር። እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ዙር ግማሹን ይሸፍናል። ከዚያ ስንጣሪዎቹ፣ ከዚያም ማሰሪያው። ቋጠሮዎቹ ሁሉ በውጭ በኩል፣ በቀርከሃው ጀርባ ላይ አርፈዋል፤ ሌላኛውን እግር አይፍቁም፣ ሥጋም ውስጥ አይገቡም። አንዱን ጫፍ ሲስቡት ያለ ካራ ይፈታሉ። የጥጃው ባለቤት ጠበቅ እንዲያደርጉት ደጋግሞ ለመናቸው፤ አልሰሙትም።

ልክ ነበሩ። የተሰበረ እግር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል፣ ቆይቶ ይጎድላል። ዛሬ ልክ የሆነ ማሰሪያ ነገ ይጠብቃል፣ በሳምንቱ ይላላል። በቀላሉ የሚፈታው ቋጠሮ ተመልሼ እመጣለሁ የሚል ሰው ቋጠሮ ነው። ጥጃ ደግሞ ያድጋል፤ አጥንቱ ለመጠንከር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲፈጅበት እግሩ ማሰሪያውን ይበልጠዋል። ስለዚህ በመሐሉ ተፈትቶ እንደገና መሠራት አለበት። ያልተፈታ ማሰሪያ ምን እንደሚያደርግ የአገራችን ሐኪሞች በሰው ላይ ደጋግመው አይተው ጽፈዋል፦ ደም ተቋርጦ እጅና እግር ይሞታል፣ የሕፃናትም ሳይቀር ይቆረጣል። ጥፋቱ የቀርከሃው አይደለም፤ ከልክ በላይ የማጥበቁና ተመልሶ ያለማየቱ ነው። የሰኮናው ጫፍ ክፍት የቀረውም ደሙ መድረሱን በጣት ዳስሶ ለማወቅ ነው።

ጀሶ መጥቶ ይህን ሥራ ሻረው የሚል ይኖራል። የኔዘርላንድ ወታደራዊ ሐኪም አንቶኒየስ ማታይሰን እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ ጀሶ የተነሰነሰበትን ፋሻ ሲያስተዋውቅ ለዓለም ትልቅ ውለታ ዋለ። ግን ጀሶ ውኃ አይችልም፤ በሐምሌ ፎገራ ላይ የቆመ ጥጃ ደግሞ ከውኃ የሚርቅበት ቀን የለውም። የቀርከሃ ቆዳ ውኃ ያንሸራትታል፤ የረጠበውን ጨርቅ ፈትቶ መለወጥ ይቻላል። በዘመናዊውና በነባሩ መካከል ያለው አጥርም እንደሚመስለን ረጅም አይደለም። ሂው ኦውን ቶማስ የሚባለው የዌልስ ሐኪም (1834–1891 እ.ኤ.አ.) የወጌሻ ልጅ ነበር። በስሙ የሚጠራው የብረት ድጋፍ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጭናቸው የተሰበረ የብዙ ወታደሮችን ሕይወት አትርፏል፤ ኋላም ለውሻና ለጥጃ ተስተካክሎ ተሠርቷል።

ጥሩ ሠሪ የት ላይ እንደሚያቆምም ያውቃል። ወረታ ከተማ ውስጥ ውሻ ያላቸው ሰዎች፣ በተለይ ትልልቅ ውሻ ያሳደጉ፣ ከኋላው መነሳት ያቃተውን ይዘው ዳሌውን እሰሩልን ይላሉ። ዳሌ ግን በስንጣሪ አይታሰርም። ከላዩ የሚያዝ መገጣጠሚያ የለም፤ ጭን ላይ የሚያልቅ ማሰሪያ ክብደቱን ወደ ታች እየጎተተ ሕመሙን ያብሳል። የጭኑ አጥንት ራስ ከዳሌው ጎድጓዳ ጋር በደንብ ሳይገጥም የሚያድግበት ችግር በውሻ ላይ በ1935 እ.ኤ.አ. ከተገለጸ ዘጠና ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያሉ ትልልቅ ዘሮችን ያጠቃል። ውጭ አገር ለዚህ የሚሸጡ የዳሌ ድጋፎች አሉ። ሙቀትና መጠነኛ መደገፊያ ይሰጣሉ፤ መገጣጠሚያውን ግን አያድኑም። ከዘመድ የሚልክላችሁ ካለ የወገቡንና የሁለቱን ጭኖች ዙሪያ ለክታችሁ ላኩ። ብሽሽቱንና ብልቱን የሚፍቅ ስፌት ያለበትን አትቀበሉ፤ ማታ ማታ አውልቁለት።

ከዚያ ሁሉ የሚሻለው ደግሞ ልብስ ሰፊ የሚሠራው ነው፦ ከሆዱ ሥር፣ ከኋላ እግሮቹ ፊት የሚያልፍ፣ ከውስጥ ለስላሳ ጨርቅ የተደረበበት ሰፊ ማንገቻ። ሁለቱን ጫፎች ይዞ ደረጃ ማውጣት፣ ሲነሳ ማገዝ ይቻላል። ምግቡንም ቀንሱለት። በአሜሪካ 48 የላብራዶር ውሾችን ዕድሜ ልካቸውን የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከሌሎቹ ሩብ ያነሰ የተመገቡት ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አብልጠው ኖሩ፤ የዳሌ ሕመማቸውም ዘግይቶ መጣ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የኋላ እግሩን በድንገት መጎተት የጀመረ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ የእንስሳት ሐኪም ሳያየው ማንም አይንካው።

የወጌሻ ልጆች ይህን ሥራ ከአባቶቻቸው እጅ ሳይቀበሉት እንዳይቀሩ የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ቢያዩላቸው፣ ቢያርሙላቸው፣ ከእነሱም ቢማሩ ደስታዬ ነው። እስከዚያው ግን ግቢያችሁ ውስጥ እግሩ የታሰረ ጥጃ ወይም ውሻ ካለ ዛሬ ማታ ጣቱን ዳስሱት። ቀዝቅዞ ወይም አብጦ ካገኛችሁት እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ፍቱትና ባለሙያ ጥሩለት።