ጤነኛውና የተጎዳው ነርቭ፦ በአንድ የማስተማሪያ ሥዕል ላይ የቀረበ ሂስ

በስኳር ሕመም ክትትል ክፍሎች ግድግዳ ላይ፣ በመማሪያ መጻሕፍትና በበራሪ ወረቀቶች ውስጥ ጭምር ደጋግመን የምናየው አንድ ሥዕል አለ። በግራ በኩል ለስላሳ፣ ቢጫ፣ ሽፋኑ ያልተነካ ነርቭ ይታያል፤ በቀኝ በኩል ደግሞ እንደ አሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ የተላጠ፣ የቀላና የእሳት ብልጭታ የሚረጭ ነርቭ። ከአንዱ ሥር «ጤነኛ»፣ ከሌላው ሥር «በስኳር የተጎዳ» ተብሎ ተጽፏል። ሥዕሉ ለሕመምተኛው የሚሰጠውን ጥቅም አልክድም፤ ስኳር ደም ውስጥ ብቻ የሚቀር ነገር አለመሆኑን ማንበብ ለማይችል ሰው እንኳ ይነግራል። ቅሬታዬ ለእኛ ለባለሙያዎቹ የሚያስተምረውን ነገር የሚመለከት ነው።

በመጀመሪያ ቦታውን እንመልከት። ሥዕሉ የነርቩን ወገብ ቆርጦ ያሳየናል። የተለመደው የስኳር ሕመም ነርቭ ጉዳት ግን ጎልቶ የሚጀምረው ከጫፍ ነው። የአውራ ጣትን ቆዳ የሚያገለግለው የስሜት ነርቭ፣ የሕዋሱ አካል የሚገኘው ከአከርካሪ አጠገብ ባለው ጋንግሊዮን ውስጥ ነው። ከዚያ እስከ ጣቱ የሚዘረጋው አክሶን በአንድ ጎልማሳ ሰው ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል። ጫፉ የሚያስፈልገውን አብዛኛውን ፕሮቲን የሚያገኘው ከዚያው ከሩቁ የሕዋስ አካል ነው። ፈጣኑ ጭነት በቀን ከ200 እስከ 400 ሚሊሜትር ሲጓዝ፣ ዝግተኛው በቀን ከጥቂት ሚሊሜትር አያልፍም። ጤነኛ ነርቭ ማለት እንግዲህ ይህ ስንቅ ሳይቋረጥ የሚደርሰው፣ ከሽዋን ሕዋሶቹና ከሚመግቡት ካፒላሪዎች ጋር ተደጋግፎ የሚኖር ሕያው አካል ነው። ገመድ ሕይወት የለውም፤ ስንቅም አይሻም።

በስኳር ሕመም ጊዜ ግሉኮስ ያለ ኢንሱሊን እገዛ ወደ ነርቩ ይገባል። ከፊሉ ወደ ሶርቢቶል ይለወጣል፣ የሚቶኮንድሪያ ሥራ ይታወካል፣ የካፒላሪዎቹም ቤዝመንት ሜምብሬን ይወፍራል። ፒተር ዳይክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ሥራ የነርቭ ክሮች የሚጠፉት እዚህም እዚያም ተበታትነው መሆኑን አሳይተው፣ የደም እጥረት አንዱ ምክንያት እንደሚሆን አመልክተዋል። በዚህ ሁሉ መካከል ቀድሞ የሚራበው ረጅሙ ነው። ጣቶች ይቀድማሉ፣ ቁርጭምጭሚት ይከተላል፤ ጉዳቱ ወደ ጉልበት ሲቃረብ የእጅ ጣቶች ይጀምራሉ። የካልሲና የጓንት ቅርጽ የምንለው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የክሩ ዓይነት ነው። ሥዕሉ ማይሊን ሲላጥ ያሳያል። ማይሊን አይጎዳም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ሙቀትንና ሕመምን የሚያስተላልፉት፣ ላብንም የሚያዙት የሲ ክሮች ከመጀመሪያው የሚላጥ ማይሊን የላቸውም። በብዙ ሕመምተኞች ደግሞ ቀድመው የሚጎዱት እነዚህና መሰል ቀጫጭን ክሮች ናቸው። የተለመደው የነርቭ ፍጥነት ምርመራ የሚለካው ወፍራሞቹን ስለሆነ፣ ቀጫጭኖቹ ከቆዳው ሥር ሲጠፉ ውጤቱ «ትክክል ነው» ሊል ይችላል። ከቁርጭምጭሚት በላይ በተወሰደ የ3 ሚሊሜትር የቆዳ ናሙና ላይ በላይኛው የቆዳ ንጣፍ ውስጥ ያሉትን ክሮች መቁጠር ልዩነቱን ይገልጠዋል። በዚያ ሥዕል ላይ የሚታየው የተላጠ ሽፋን አይሆንም፤ በአንዱ ብዙ ክር፣ በሌላው ባዶ ቦታ ነው። ባዶ ቦታ ደግሞ በፖስተር ላይ አያምርም።

ከሁሉ የከፋው ግን ብልጭታው ነው። ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። ከሕክምና ትምህርት ቤት ከወጣሁ ብዙም ሳልቆይ፣ ሌሊት ሌሊት እግራቸው እየተቃጠለ ከብርድ ልብስ አውጥተው የሚያድሩ አንድ አባት እከታተል ነበር። አሚትሪፕቲሊን ሰጠኋቸው። ከወራት በኋላ ሲመለሱ፣ «አባባ፣ የእግርዎ ማቃጠል እንዴት ሆነ?» አልኳቸው። «እሱማ ተወኝ፣ ልጄ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝ። ካርዱ ላይ «ተሽሏቸዋል» ብዬ ጻፍሁ። ጫማቸውን አላስወለቅሁም። በስድስተኛው ሳምንት ሽታው ያሳሰባት ልጃቸው ይዛቸው መጣች። ሚስማር የጫማቸውን ሶል በስቶ ውስጥ እግራቸው ገብቶ ነበር፤ እርሳቸው ግን በላዩ ላይ ሲራመዱ ሰንብተዋል። አውራ ጣታቸው ተቆረጠ። ማቃጠሉ የተዋቸው ነርቩ ስለዳነ አልነበረም፤ የሚያቃጥል ነርቭ ስላልቀረ ነው። የእኔ «ተሽሏቸዋል» ዛሬም በዚያ ካርድ ላይ አለ።

ከስኳር ሕመም የነርቭ ጉዳት እስከ ግማሽ የሚደርሰው ምንም የሕመም ስሜት ላያሳይ ይችላል። ብልጭታ የሚጠብቅ ሐኪም ግማሹን ያልፈዋል ማለት ነው። ይህ ትምህርት ለሙያችን አዲስ አይደለም። በህንድ ቬሎር የሠራው ፖል ብራንድ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ጣቶች የሚጠፉት ሥጋቸው በራሱ ስለሚበሰብስ ሳይሆን ስሜት በማጣት ከሚደርስ ተደጋጋሚ ጉዳት መሆኑን አሳይቷል፤ በኋላም በአሜሪካ፣ በካርቪል፣ ያንኑ እውቀት ለስኳር ሕሙማን እግር አውሎታል። እኛም እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት ያለን ሰዎች ነን። ሁለቱ በሽታዎች ነርቭን የሚያጠቁበት መንገድ ይለያያል፤ የሥጋ ደዌ ባሲል በቀዝቃዛ የሰውነት ክፍሎች የሽዋን ሕዋስ ውስጥ ይገባል፣ ነርቩም በእጅ ሲዳሰስ ሊወፍር ይችላል። ስሜት ያጣ እግር ግን በሁለቱም ያው እግር ነው። እግርን በየቀኑ ማየት ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ስናስተምር ኖረን፣ ለስኳር ሕሙማን የደም ውጤት ብቻ አንብበን መሸኘታችን አስገራሚ ነው።

«በስኳር የተጎዳ» የሚለው ጽሑፍም ያለ ምርመራ የተሰጠ ውሳኔ ነው። የስኳር ሕመምተኛ የሳንባ ነቀርሳም ሊኖርበትና ያለ ፒሪዶክሲን አይሶናያዚድ ሊወስድ ይችላል፤ ለዓመታት ሜትፎርሚን በመውሰድ ቫይታሚን ቢ12 ሊጎድለው ይችላል፤ አልኮልም ኤች.አይ.ቪም አሉ። በሌላ በኩል «ነርቭ የሚጠግን» ተብሎ ለሁሉም የሚታዘዘው የቢ-ኮምፕሌክስ መርፌ፣ በእኔ ግምት፣ የዚሁ የተላጠ ገመድ ሥዕል ልጅ ነው። ቫይታሚን የሚጠቅመው ለጎደለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ የሆነው የዲ.ሲ.ሲ.ቲ. ጥናት በአንደኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ጥብቅ ቁጥጥር የነርቭ ጉዳትን በ60 ከመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ በሁለተኛው ዓይነት ግን ጥቅሙ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ ያለፈውን ከመጠገን ይልቅ የቀረውን እግር መጠበቅ ይበልጣል።

ጤነኛውንና የተጎዳውን ነርቭ ማነጻጸር ካስፈለገ፣ ሁለቱም በአንድ ሕመምተኛ አካል ላይ ይገኛሉ። ስለታም ጫፍ ክንዱን ሲነካና ጣቱን ሲነካ ምን ይለያል? 128 ኸርዝ ቱኒንግ ፎርክ እጁ ላይና አውራ ጣቱ ላይ እኩል ይሰማዋል? የ10 ግራሙ ሞኖፊላመንት ውድ ዕቃ አይደለም፤ ከሌለም እ.ኤ.አ. በ2011 የቀረበው የኢፕስዊች ምርመራ ጣት ብቻ ይጠይቃል። ሕመምተኛው ዓይኑን ጨፍኖ የሁለቱም እግሮች የአንደኛው፣ የሦስተኛውና የአምስተኛው ጣት ጫፍ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ በቀስታ ይነካል፤ ከስድስቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ካልተሰማው እግሩ አደጋ ላይ ነው።

አሁን በምሠራበት ክፍል ሥዕሉ ከግድግዳው አልወረደም። ከሥሩ ግን አግዳሚ ወንበር አለ፤ ሕመምተኞች ወደ ሐኪሙ ከመግባታቸው በፊት እዚያ ተቀምጠው ጫማና ካልሲያቸውን ያወልቃሉ፣ ነርሷም በጣቶቻቸው መካከል ታያለች። ጠዋት ጠዋት ወለሉ ይቀዘቅዛል፤ ምንጣፍ ብናነጥፍም የሚያጉረመርሙ አልጠፉም። እኔ ይበልጥ የምጠጋው ምንም ወደማይሉት ነው።