ቁጥሩ ተገኝቷል፤ ተማሪውስ?

በዳንግላ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት፣ ከተጠየቁት መካከል 22.5 በመቶው ራስን የማጥፋት ሐሳብ እንደነበራቸው፣ 16.2 በመቶው ደግሞ እንደሞከሩ ገልጧል። ዳንግላ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ፣ ውጤቱ በጎጃም ደጋ ለምንሠራ ባለሙያዎች የሩቅ ወሬ አይደለም። ጉዳዩ በሚሸፈንበት ኅብረተሰብ መካከል ደፍሮ መጠየቁ ሊመሰገን ይገባዋል።

ሆኖም እንዲህ ያሉ የአንድ ወቅት ቅኝቶች የእኩዮችን ጥቃት መዘዝ ለማስረዳት ሲጠቀሱ ጥንቃቄ ያሻል። በአንድ ቀን የተሞላ መጠይቅ ጥቃቱና ሐሳቡ አብረው መገኘታቸውን ቢያሳይ እንጂ የትኛው እንደቀደመ አይነግረንም። ድብርት ያደረበት ልጅ ከጓደኞቹ ስለሚርቅ ለተንኳሽ በቀላሉ ሊጋለጥ ይችላል። የፊንላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1981 የተወለዱ ልጆችን ከ8 እስከ 25 ዓመት ዕድሜያቸው ተከታትለው በ2009 ያወጡት ውጤት ለዚህ አስተማሪ ነው። ጥቃት የተደጋገመባቸው ሴቶች ልጆች፣ ቀድሞ የነበረባቸው ድብርትና የጠባይ ችግር ከግምት ከገባ በኋላም፣ ለሙከራና ለሞት ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል፤ በወንዶቹ ዘንድ ግን ይኸው ስሌት ሲሠራ ዝምድናው ጠፍቷል። እንግዲህ መንስኤው አንድ ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ሁለተኛው ነጥብ የመጠይቁ ይዘት ነው። በአካባቢያችን በርካታ ተማሪዎች ከገጠር መጥተው፣ በከተማ ክፍል ተከራይተው፣ ስንቅ ከቤት እያመጡ ይማራሉ። ትንኮሳው ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ እስከ ኪራይ ቤታቸው ሊከተላቸው ይችላል፤ ማታ የሚያዋዩት ወላጅ ግን በአጠገባቸው የለም። የሸክላ ሠሪ ወይም የቀጥቃጭ ልጅ «ቡዳ» ተብሎ ሲገለል በትር አላረፈበትም፤ ጉዳቱ ግን ከበትር አያንስም። ስለ ድብደባና ስለ ትምህርት ቤት ግቢ ብቻ የሚጠይቅ፣ ከውጭ የተቀዳ መጠይቅ እነዚህን ልጆች «ጥቃት ያልደረሰባቸው» ብሎ ይመዘግባቸዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የኅሊና ጥያቄ ነው። ስም የማይጻፍበት መጠይቅ እውነቱን ለማግኘት ይረዳል፤ ነገር ግን «ሞክሬ ነበር» ብሎ የመለሰውን ተማሪ ማንነት ስለሚሰውር ልንደርስለት አያስችለንም። ስለሆነም ወደፊት በደብረ ማርቆስም ሆነ በዙሪያዋ የሚታቀድ ጥናት፣ መጠይቁ ከመታደሉ በፊት ተማሪው በምስጢር የሚያነጋግረውን መምህርና የሚላክበትን የአእምሮ ሕክምና ክፍል አስቀድሞ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

ለእኛ ለሐኪሞች ግን አዲስ ጥናት መጠበቅ አያስፈልገንም። ስለ ራስን ማጥፋት በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በልጁ አእምሮ እንደማይዘራ በጥናት ታይቷል። ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት እያለ ደጋግሞ የሚመጣውን ተማሪ፣ ማስታገሻ ከማዘዛችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቀው፦ «የሚያስቸግርህ ሰው አለ? መኖር ያስጠላህ ጊዜስ አለ?» መልሱን ሰምተን ልጁን ብቻውን አለመስደድም የሕክምናው ክፍል ነው።